አክስቲቱ በብራታ አቀበት

ዳግፊን አክስቲቱን ለመሸጥ መስማማቱን የነገረን በጥር፣ በመንደሩ አዳራሽ፣ ዓሣና ድንች እየበላን ሳለ ነው። ሹካው ሁሉ ባለበት ቆመ።

አክስቲቱ ሰው አይደለችም። ባለ ሰንሰለት የበረዶ መኪና ናት። አሜሪካኖች ለጦርነት ሠሯት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ የኛ ጦር ተረከባት፤ ጦሩ ሲሰለቻት ወደ መንደራችን ወደ ስቫርትቪክ መጣች። ሳትጠራ፣ እየጮኸችና እየጨሰች ነበር የመጣችው። ስሟን ያገኘችው ያን ዕለት ነው። ዋሻው ተቆፍሮ መንገድ እስኪገባ ድረስ በሽተኛውን፣ ፖስታውን፣ ዱቄቱን፣ ሬሳውን ተራራ ታሻግር ነበር። መጨረሻ ላይ የምነዳት እኔ ነበርኩ። ዋሻው ሲከፈት የዳግፊን አጎት መስኩ ዳር አቆማት። በርች የሚባለው ነጭ ዛፍ በመሃሏ በቀለ። አጎትየው ሲሞት እርሻው ለዳግፊን ደረሰ፤ አክስቲቱም ከእርሻው ጋር።

«የሚወስዳት የደቡብ ሰው ነው» አለ ዳግፊን። «የጦር መኪና ይሰበስባል። ትልቅ መጋዘን አለው፤ ዝናብ አይነካትም።»

«እሷን ዝናብ መቼ ነክቷት ያውቃል? ዝናቡ ነው የሚፈራት» አለ አንዱ ከጥግ።

አስብዮርግ ተነሳች። መኪና በምታሻግረው መርከብ ሆድ ውስጥ ሞተር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ሹክ ስትል እንኳ ጓሮ ድረስ ይሰማል።

«የተወለድኩበትን ነው የምትሸጠው» አለች።

ሰው ሳቀ። እውነቷን ነው ግን። እናቷ ወደ ሐኪም ስትወሰድ ተራራው ላይ ምጥ ያዛት፣ አስብዮርግ አክስቲቱ ውስጥ ተወለደች። መንደሩ ሲያሾፍባት «የት ተወለድሽ ሲሏት በሁለተኛ ማርሽ ትላለች» ይላል። እሷም አብራ ትስቃለች። ያን ቀን አልሳቀችም።

«ብረት እኮ ናት፣ አስብዮርግ» አለ ዳግፊን። «ሞተር የላትም። መቀመጫ የላትም። ሰንሰለት የላትም። ምን አላት?»

«ሂልማር አላት» አለችና በሹካዋ ወደ እኔ ጠቆመች።

አፌን ዓሣ ሞልቶት ስለነበር እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ዳግፊን ክፉ ሰው አይደለም። ከተማ ነው የሚኖረው፤ ጫማው ቀጭን ነው። ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ሰውየው የሚመጣው በሆሳዕና ዋዜማ ነው። ያን ቀን በራሷ ጉልበት ብራታን እስከ ድንጋይ ክምሩ ከወጣች፣ መኪና ናት። ለመንደሩ እተዋታለሁ። ካልወጣች ብረት ናት። ጭኗት ይሄዳል።»

ብራታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አቀበት ነው፤ የድንጋይ ክምሩ ጫፉ ላይ ነው። በበጋ ፍየል ትወጣዋለች፤ እሷም አርፋ ነው።

አስብዮርግ እጇን ዘረጋች። ዳግፊን ጨበጠ። ሲለቀው ጣቶቹን ያሻሽ ነበር።

በማግስቱ ዛፉን ቆርጠን አክስቲቱን በትራክተር ወደ እኔ መጋዘን ጎተትናት። ወለሏ እንደ ወንፊት ሆኗል። አስብዮርግ ከውስጧ ገብታ ፋኖስ ስታበራ ብርሃኑ በየቀዳዳው ወጣ።

«ከዋክብት ትመስላለች» አለች።

«ብየዳ ነው የምትመስለው» አልኳት። «ብዙ ብየዳ።»

ካምቢዮዋ ግን አለ። ከኋላ ሰንሰለቱን ከሚነዱት ከሁለቱ ጥርሳም መዘውሮች ቀኙ አለ። ሌላው የለም። ይሁን እንጂ የለም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ስቫርትቪክ ዕቃ አይጥልም። ዋሻው በተከፈተ ዓመት ሰው እየመጣ የሚያስፈልገውን ፈትቷል፤ የፈታውም ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። የፊት መብራቷ ከኔ በር በላይ ነበር። በየደጃፉ በረዶ ከጫማ የምናራግፍበት ብረት ሁሉ የሷ ሰንሰለት ሰሌዳ ነው። የት እንዳለ እናውቃለን። ችግሩ መጠየቅ አለመቻሉ ነው።

በኛ ዘንድ ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ አይጠየቅም። የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ያፍራል፤ እምቢ የማይልን ሰው መጠየቅ ደግሞ ከመዝረፍ አይለይም። ስለዚህ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ዕቃ ይዘህ ትሄዳለህ። አዲሱን በቦታው ትተክላለህ፣ የድሮውን ታነሳለህ። ባለቤቱ አላየም፤ አንተም አልመጣህም። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አፉን የሚከፍት ሰው፣ ወሳጁም ይሁን ባለቤቱ፣ ነውረኛ ነው። አያቶቻችን እንዲህ ነው የኖሩት። በተራሮች መሃል በገባ ጠባብ የባሕር ክንድ፣ በፊዮርድ ዳር ተጣልተህ የምትሄድበት የለም።

በራዲያተሩ ጀመርን። የቦርግሂልድን ዶሮ ቤት ነበር የሚያሞቀው። ከፈረሰው ትምህርት ቤት የቤት ማሞቂያ አምጥተን ስንገባ፣ ቦርግሂልድ በመስኮት አየችን። መጋረጃውን ሳበችው። ዶሮዎቹ ግን ወጉን አያውቁም፤ መንደሩ እስኪሰማ ጮሁ። ራዲያተሩን ተሸክመን ስንወጣ ባሏ ደጅ ቆሟል። ከራዲያተሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማው ላይ ይወርዳል።

«ጥሩ አየር ነው» አለ ወደ ሰማይ እያየ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ዶሮዎቹ ዛሬ ዝም ብለዋል።»

«ዝም ብለዋል።»

ገባ።

ሞተሩ በሃልቭዳን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነበር። ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ የሚሠራ ሞተር ዝገት አይበላውም። ሃልቭዳን ጉልበቱን ስለሚያመው በረዶ መንሸራተት ከተወ ቆይቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር በሸርተቴ እየጎተትን ስንመጣ እሱ ከሩቅ አየን፤ ሚስቱን እያዘዘ የበረዶ መንሸራተቻውን አስወርዶ እያነከሰ ወደ ጫካ ገባ። ሥራችንን ጨርሰን እስክንሄድ ቅዝቃዜው ውስጥ ቆየ። ሚስቱ ስትነግረን «እንዴት ያለ ጤና ነው፣ እናንተ!» አለች። ሌላ ምንም አልተባለም።

ላሜራ ከአሮጌ የዘይት ጋን ቆርጠን ወለሉን በየድነው። አስብዮርግ ስትበይድ ትዘፍናለች። ድምጿ አያምርም። እኔም የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ፈትቼ ከፒስቶኖቹ ላይ ጥላሸት ስፍቅ ሳላስበው እግሬ ዜማዋን ይመታ ጀመር።

በብርዱ ወራት ተሰውራ የቆየችው ፀሐይ ከተራራው በላይ ብቅ ባለችበት ሳምንት ሰሌዳዎቹ ሞሉ። በየቤቱ ደጃፍ አዲስ የእንጨት ወይም የብረት ማራገፊያ ተተክሏል። ሰሌዳዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ ግን የለም። ጎማው በስብሶ አልቋል። እሱን የመንደር ወግ አያመጣውም። ጋዜጣ ላይ አወጣን።

የደወለው ሳሚ ከሚባለው የሰሜን ሕዝብ የሆነ አጋዘን አርቢ ነው። ዮቭና ይባላል፤ ከተራራው ማዶ፣ በጣም ሩቅ ነው ያለው።

«ቀበቶውን የምትፈልገው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አለህ?»

«የሷ እህት እኔ ጋ ሞታ ተኝታለች። ቀበቶዎቿን አጥር ላይ አስሬያቸዋለሁ፤ የሚወልዱትን አጋዘኖች ከነፋስ ይከልሉልኛል።»

«አጥር ይዤልህ ልምጣ?»

«አጥር ሞልቶኛል፣ ሽማግሌው። የሌለኝ ዓሣ ነው።»

የደረቀ ኮድ ዓሣና አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ጭነን ሄድን። ዮቭና አጭር ሰው ነው፤ ዓሣውን አሽትቶ ሳቀ። ቀበቶዎቹን ፈታን። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ብርድ ላይ ስለኖሩ ጎማው አልሞተም። አስብዮርግ አንዱን ጎበጥ አድርጋ አጠፈችው፤ አልተሰነጠቀም። ለቀቀችውና ዮቭናን አቀፈችው። እሱም ቆቡ እስኪወድቅ ታቀፈ።

«ጥርሳም መዘውርስ?» አልኩት።

«አለ። ጥርሱ ግን እንደ አያቴ ነው፤ አንድም የለም።»

ግራው መዘውር ስለዚህ አሁንም ጎደለ። መጋቢት ገባ። ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ለብረት ቀራጭ ቤት ደወልን፤ በጋ ላይ ብትመጡ አሉን። በየጀልባ ቤቱ፣ በየጎተራው እያየን ዞርን፤ መጠየቅ የለም፣ ማየት ብቻ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አስብዮርግ መጋዘኔን በርግዳ ገባች። ከመርከቧ ወርዳ እየሮጠች ነው የመጣችው፤ እጇ ላይ ያለው ዘይት ገና አልተጠረገም።

«አገኘሁት! ቶርሌፍ ጋ ነው!»

«የት?»

«ጀልባ መጎተቻው ላይ! የጀልባ ቤቱን በር ነፋስ ከፍቶታል። ስናልፍ በመስኮት ፊት ለፊት አየሁት። ጥርሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሂልማር! እኔን አይቶ የሳቀ መሰለኝ!»

«ቶርሌፍ» አልኩ።

«አዎ፣ ቶርሌፍ። ምነው?»

ምነው ማለቷ ሳታውቀው አይደለም። ቶርሌፍ ከሁላችን በላይ ወግ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዱ ልጅ ሳለ «አካፋህን ያ ሰው ወሰደው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው ለዓመታት አላናገረውም። ግን ያን ጊዜ ኮድ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሎፎተን ደሴቶች ሄዶ ነበር። ከመርከቧ የወጣ አሮጌ የመልህቅ መጎተቻ አስብዮርግ ነበራት፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ እያየ፣ ተከልነው። ከቶርሌፍ የድሮ መጎተቻ በእጅጉ ይሻላል። መዘውሩን ፈትተን ወሰድን። ጥርሶቹ ላይ ወፍራም ግራሶ አለ። ጠረግሁት። ትንሽ ዘመም ያሉ መሰለኝ።

«አልቋል እንዴ?» አልኩ።

«ስንት ዓመት የሠራ ነው እኮ። አንተስ አላለቅህም?» አለች አስብዮርግ። «በል ግጠመው!»

ገጠምኩት። ልክክ አለ።

ሞተሩን ያስነሳነው በማግስቱ ነው። ቤንዚን ሞላን፣ ካንዴላውን አጠበቅን። አስብዮርግ መቀመጫው ላይ ናት፤ መቀመጫው ከቄሱ ጀልባ የተመለሰ ነው። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሳል። ሁለተኛ፤ ማስነጠስ። አየሩን በጥቂቱ ዘጋሁለት። ሦስተኛው ላይ ያዘ። መጋዘኑ በሰማያዊ ጭስ ሞላ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ከጣሪያው ላይ የበረዶ ቅርፊት ጀርባዬ ላይ ወደቀ። ያን ድምፅ ሰማሁት። ስድስቱም ፒስቶን ተራውን ጠብቆ ይመታል። ሰው ከየቤቱ እየወጣ መጣ፤ ቦርግሂልድ ሽርጧን እንዳደረገች፣ ሃልቭዳን እያነከሰ።

«ይህ ሞተር የማን ነው?» አለ ሃልቭዳን ፊቱን ቋጥሮ።

«ማን ያውቃል» አልኩት።

«ጥሩ ድምፅ አለው። የያዘው ሰው ዘይት በጊዜው ይቀይርለት ነበር ማለት ነው።»

«ጎበዝ ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

«እሱማ» አለ፤ ጆሮው ቀላ።

አክስቲቱ ከመጋዘኑ ወጥታ መስኩን ዞረች። ሰንሰለቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። በረዶው ላይ ጥልፍ የመሰለ ዱካ ጥላ ሄደች። አስብዮርግ ግራውን ዘንግ ስትስብ ወደ ግራ፣ ቀኙን ስትስብ ወደ ቀኝ። እንደ ጥጃ ፈነጠዘች። ሜዳ ላይ ነው እንግዲህ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ቶርሌፍ ከሎፎተን ተመለሰ። ጀልባውን በአዲሱ መጎተቻ ሲያወጣ ከሩቅ አየሁት። አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማሽኑን ዞረው። ከዚያ ቁልፉን ተጫነ። ያ ነው። አላየም።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ፣ ዱቄት ፊት ለፊት ያዘኝ። ኦተር እንደሚባለው የውሃ አውሬ ሰፊ አንገት አለው፤ ሲያወራ ሰው አያይም።

«ሂልማር። ጀልባ ሽቅብ ነው የሚጎተተው።»

«ነው» አልኩ።

«ስትወርድ በራሷ ነው። ማንም አይስባትም።»

«ትክክል።»

«ሁልጊዜ ሽቅብ። ሁልጊዜ በአንድ በኩል። ገባህ?»

«ገባኝ።» አልገባኝም።

ዱቄቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ዕድሜ ልኩን በአንድ ጉንጩ ብቻ ያኘከ ሰው፣ ጥርሱ በየት በኩል ነው የሚያልቀው?»

«ጥርስህን አመመህ እንዴ፣ ቶርሌፍ?»

ፊቱ ጠቆረ። «እግዜር ይስጥህ» አለና ዱቄቱን ሳይገዛ ወጣ።

ለአስብዮርግ ነገርኳት። «ሎፎተን ላይ አዙሮት ይሆናል» አለች። «ማዕበሉ ከባድ ነበር አሉ።» ሁለታችንም ሥራ ላይ ስለነበርን ነገሩ እዚያው ቀረ።

የሆሳዕና ዋዜማ ሰማዩ ንጹሕ ነበር። በረዶው በሌሊቱ ብርድ ጠንክሮ ከላይ ትንሽ ላልቷል፤ ለሰንሰለት ከዚህ የተሻለ የለም። መንደሩ በሙሉ ብራታ ግርጌ ተሰብስቧል። ቡናው በቴርሞስ፣ የድንች ቂጣው በቅቤና በስኳር ተጠቅልሎ በየኪሱ አለ። ዳግፊን በቀጭን ጫማው ይንቀጠቀጣል። የደቡቡ ሰው ፕሬበን ይባላል። ረጅም የጭነት መኪና ይዞ መጥቷል፤ ከነማሰሪያው ተዘጋጅቶ ቆሟል። አክስቲቱን ሲያያት ቆቡን አወለቀ። ሰውየው ብረት ያውቃል።

«በፎቶ ዛፍ በቅሎባት ነበር» አለ።

«ከሆዷ ነቀልንላት» አለች አስብዮርግ። ገብታ ተቀመጠች። ከጎኗ ገባሁ።

አንደኛ ማርሽ አስገባች። የአቀበቱን ግርጌ ነካን። አክስቲቱ አፍንጫዋን አነሳች። ሰው ይጮኻል፤ «በይ አክስቴ! በይ!» ይላል። የመጀመሪያውን ተዳፋት እንደ ምንም ወጣነው። ከዚያ አቀበቱ ከፍ ሲል ከግራ በኩል ጠ! የሚል ድምፅ መጣ። እንደገና፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ! መኪናዋ ወደ ግራ ተንጋደደች። የግራው ሰንሰለት ቆሞ መዘውሩ ብቻ ይዞራል። ጥርሱ ሰንሰለቱን እየዘለለው ነው። ተንሸራተን ወረድን።

ሰንሰለቱን አጠበቅሁ። እንደገና ወጣን። እዚያው ቦታ፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ተንሸራተን ወረድን። ሦስተኛው ላይ ራዲያተሩ ይንተከተክ ጀመር።

ፕሬበን ማሰሪያውን አልነካም፤ ግን ወደ መሬት አየ። ዳግፊን ቀረበ።

«አስብዮርግ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ታበላሿታላችሁ። ሞከራችሁ እኮ።»

«ገና ነው።»

«አንድ ጊዜ ሞክሩ። ከዚያ ይበቃል።»

አስብዮርግ ሁለቱን ዘንጎች እንደያዘች ነው። ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው፣ ሂልማር? ምን አደረግናት?»

አላወቅሁም። ወርጄ መዘውሩ ጋ ተንበረከክሁ። ሰንሰለቱ በአግባቡ ተወጥሯል። ሰሌዳው ደህና ነው። ካምቢዮው ደህና ነው።

ከኋላዬ በረዶ ሲሰበር ሰማሁ። ቶርሌፍ ነው። ሕዝቡን በትከሻው እየገፋ መጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ አንገቱ ቀልቷል።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

«አላየህም» አልኩት።

«ምንም የጎደለብኝ የለም።»

«የለም።»

«ግን አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ መዘውር ቢኖረው...» ቆመ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ በረዶው ላይ ወረወረው። «የት አባቱ ይሄ ወግ! የኔ መዘውር ነው! ከጀልባ ቤቴ ነው የፈታችሁት! ዕድሜ ልኬን ጀልባ ወደ ላይ ብቻ ስጎትትበት ኖሬአለሁ። በአንድ በኩል ነው የሠራው! በዚያ በኩል ጥርሱ ታጥቦ አልቋል፤ ልሙጥ ብረት ነው፣ ምንም አይዝም። በሌላው በኩል ግን ነክቼው አላውቅም፣ አዲስ ነው! ሱቅ ውስጥ ነገርኩህ፣ አንተ ድንጋይ! ጥርስ አመመህ ትለኛለህ?»

በስቫርትቪክ ይህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከሌላው ይልቅ ከቶርሌፍ አፍ! አንዲት አሮጊት አፏን በጓንቷ ያዘች።

እኔ ግን መዘውሩን እያየሁ ነበር። በጣቴ ዳሰስሁት። ወደ ፊት ስንሄድ የሚገፋው የጥርሱ ገጽ ለስላሳ ነው፣ ወደ ኋላ ተጋድሟል። ሌላው ገጽ ስል ነው። ካነሳሁት ቀን ጀምሮ እጄ ላይ ነበር፤ ልብ ብዬ ያላየሁት እኔ ነኝ። ሳቅ ከሆዴ ተነሳ። በማን እንደምስቅ አላውቅም።

«አስብዮርግ!» አልኳት። «ወደ ኋላ ስንሄድ የሚገፋው ሌላው ገጽ ነው!»

አፍጥጣ አየችኝ። ዓይኗ በራ።

«ዳግፊን!» ብላ ጮኸች። ከብራታ ላይ ወፍ ተነሳ። «በራሷ ጉልበት እስከ ድንጋይ ክምሩ ነው ያልከው፣ አይደል?»

«ነው።»

«በአፍንጫዋ ብለሃል?»

ዳግፊን አሰበ። ፕሬበን ከእሱ ቀድሞ ፈገግ አለ። «አላልኩም» አለ ዳግፊን።

አክስቲቱ መስኩ ላይ ዞረች፤ ቂጧን ወደ ተራራው፣ አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ አደረገች። ራዲያተሩ ላይ በረዶ ቆለልኩ። ከኋላ ባለው የጭነት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ አስብዮርግ ወደ ኋላ ማየት ስለማትችል ዓይኗ እኔ ነኝ።

«የኋላ ማርሽ!» አለች። ብረቱ ገባ።

ጥርሱ ነከሰ። በእግሬ ተሰማኝ። የቀኙም የግራውም በአንድ ላይ ያዙ። አክስቲቱ ቂጧን አነሳችና ብራታን ጀመረችው።

«ግራ!» እላለሁ። በኋላ ማርሽ ሲሆን ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ቀኙን ትስባለች። «አይ፣ የኔ ግራ!»

«ያንተ ግራ የት ነው?»

«ባሕሩ ወዳለበት... አይደለም! ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት!»

«ቀጥ ብለህ ተናገር፣ አንተ ሽማግሌ!»

ጠ የሚለውን ድምፅ እየጠበቅን የተንሸራተትንበትን ቦታ ደረስን። አልመጣም። አለፍነው። ከታች የሚሰማው ጩኸት ሞተሩን በለጠው። ሰው በሁለቱም በኩል በረዶውን እየጣሰ አብሮን ይወጣል። ሃልቭዳን ጉልበቱን ረስቶ ይሮጣል። ቦርግሂልድ እየወደቀች እየተነሳች «በቂጧ! በቂጧ እኮ ነው የምትወጣው!» ትላለች። የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ገብቷል። በመጨረሻው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ጉሮሮው ተያዘ። አስብዮርግ ቤንዚኑን አልጨመረችም። ጠበቀች። ራሱ ትንፋሹን ሰበሰበ። አንድ ሰሌዳ፣ ሌላ ሰሌዳ። ከዚያ ሰማዩ ሰፋ፣ መሬቱ ጠፍጣፋ ሆነ። የድንጋይ ክምሩን በኋላዋ ገፋ አደረገችው፤ ከላይ ያለው ድንጋይ ወደቀ።

ሞተሩን አላጠፋችም። ወጥታ ሰንሰለቱ ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ጮኸች። ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ሰው ደረሰ። የሚያቅፍ፣ የሚወድቅ፣ በረዶ የሚወረውር። ቶርሌፍ ቆቡን ሳያደርግ መጣ፤ ከሁሉ ራቅ ብሎ ቆመ። ወጉን አፍርሷል፤ ያውቃል። ቦርግሂልድ አየችው። ቀረብ ብላ የድንች ቂጣ ሰጠችው።

«ቅድም አንድ ሰው የጮኸ መሰለኝ» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። «የሰማ አለ?»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እኔ አልሰማሁም» አለ ሃልቭዳን።

«ነፋስ ነው» አለች አሮጊቷ።

ቶርሌፍ ቂጣውን ጎረሰ። በየትኛው ጉንጩ እንዳኘከ አላየሁም፤ ዓይኑን ወደ ባሕሩ መልሶ ነበር።

ዳግፊን እያለከለከ መጣና የአስብዮርግን እጅ ጨበጠ። «መኪና ናት» አለ። ፕሬበን ከሁሉ ኋላ ደረሰ። ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሏል፣ ላቡ ይወርዳል። አክስቲቱን ዙሪያዋን ዞረ፣ ሰንሰለቱን ነካ፣ ተንበርክኮ መዘውሩን አየ። ስል የሆነውን ገጽ በጣቱ ዳሰሰ።

አስብዮርግ ከላይ ሆና አየችው። «ልትጭናት መጣህ?»

«መጥቼ ነበር» አለ ፕሬበን። «አሁን ግን እሷ ትጫነኝ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው።»

ልጠይቅሽ አለ። ሰው ዘወር አለ፤ የሌላ አገር ሰው ነው፣ አያውቅም። አስብዮርግ ሳቀች።

«ግባ» አለችው። «ቁልቁል በአፍንጫዋ ነው። በደንብ ያዝ!»

ገባ። ቦታዬ ላይ ተቀመጠ። አክስቲቱ ጠቅ ጠቅ እያለች ብራታን ወረደች፤ ፕሬበን እንደ ሕፃን ይጮኻል። እኔ በእግሬ ወረድኩ።